ተራ የማይጠበቅበት ጨዋታ

ወደ አርባ ምንጭ የመጣ እንግዳ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የሚወሰድበት አንድ ስፍራ አለ። ከላይኛው ከተማ ከሼቻ ጫፍ ላይ ያቆሙትና «እነሆ እይ!» ይሉታል። በስተግራ አባያ ቀላ ብሎ ተንጣሏል፤ በስተቀኝ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ተረተር ተጋድሟል፤ ከሥር ደግሞ ከተማይቱ ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች የሚፈልቁበት ደን ይታያል። እንግዳው ፎቶግራፉን አንሥቶ ይሄዳል። አንተ ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ተማሪም ብትሆን አዲስ የተቀጠርህ የመንግሥት ሠራተኛ፣ በሌላ ቀን እዚያው ስትቆም አንድ ነገር ራስህን ጠይቅ፤ «ይህ አገር ሁሉ የጦር ሜዳ ቢሆን፣ ባላጋራዬም ከሐይቁ ማዶ ቢሰፍር፣ ከዚህ ከፍታ ላይ የሚታየኝ ምንድን ነው? የማይታየኝስ?» ይህን ጥያቄ በየደቂቃው ለመጠየቅ የለመደ ሰው፣ ዛሬ ላጫውትህ የተነሣሁበትን ጨዋታ ግማሹን ያውቀዋል ማለት ነው።

ጨዋታው የኮምፒዩተር ነው። በከተሞቻችን ያሉት የጨዋታ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚያጫውቱት የእግር ኳስ ሲሆን፣ የስልት ጨዋታ ወዳጆች ግን ቁጥራቸው ትንሽ ስለ ሆነ በዩኒቨርሲቲው መኝታ ክፍል ወይም በተከራዩት ቤት ተሰብስበው ላፕቶፖቻቸውን በአንድ ገመድ አያይዘው ይጫወታሉ። (ገመዱ ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ ጦርህ ሂድ ያልኸው ቦታ ሳይደርስ ማለቁን ትሰማለህ።) በጨዋታው አንድ አገር ከላይ ወደ ታች ይታይሃል። ጥቂት ገበሬዎችና አንድ ቤት ይሰጡሃል። እንጨት ታስቆርጣለህ፤ ምግብ ታሰበስባለህ፤ ወርቅና ድንጋይ ታስቆፍራለህ፤ ጎጆ ትቀልሳለህ፤ ወታደር ታሠለጥናለህ። ባላጋራህም በዚያው ሰዓት ከማዶ ሆኖ ይህንኑ ይሠራል። ከሌሎች የአእምሮ ጨዋታዎች የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ተራ የሚባል ነገር የለም። አንተ ስታስብ ባላጋራህ ቆሞ አይጠብቅህም።

የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ታሪክ ረጅም አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች፣ «ዓ.ም.» ከተባለበት በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) «ዲዩን 2» በ1992፣ «ዋርክራፍት» በ1994፣ «ኤጅ ኦፍ ኤምፓየርስ» በ1997፣ «ስታርክራፍት» በ1998 ወጡ። ደቡብ ኮሪያ በዚህ በመጨረሻው ፍቅር ወድቃ ተጫዋቾቿን በደመወዝ እስከ መቅጠር፣ ግጥሚያቸውንም በቴሌቪዥን እስከ ማሳየት ደረሰች። እኛም ብንሆን በጨዋታው ውስጥ ስማችን አለ፤ ለ«ኤጅ ኦፍ ኤምፓየርስ 2» በ2015 የወጣው ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያውያንን አስገብቷል፤ የዮዲት ታሪክም አንድ ራሱን የቻለ ዘመቻ ሆኖ ተሠርቶበታል። በዚያ ጨዋታ የኢትዮጵያውያን ቀስተኞች ከሌላው ቀስተኛ ፈጥነው ይወረውራሉ፤ ሾተል የያዘው ወታደራቸው ቶሎ ሠልጥኖ ይወጣል፣ አመታቱ ብርቱ ነው፣ ቶሎም ይሞታል። የሠሩት ሰዎች ታሪካችንን ምን ያህል እንዳወቁት ሌላ ክርክር ነው፤ የሀገሩ ልጅ ሆኖ በዚህ ሕዝብ ተጫውቶ መሸነፍ ግን እንዴት እንደሚቆጭ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አያቶቻችን ያውቁት ነበር

የኮምፒዩተሩ ጨዋታ የትላንት ይሁን እንጂ፣ ተራ ሳይጠብቁ መዋጋት ለኛ ሀገር አዲስ አይደለም። «ሰንጠረዥ» ሲባል የዛሬ የቢሮ ሰው ትዝ የሚለው በኤክሴል የሚሞላው ቅጽ ነው። ዱሮ ግን ሰንጠረዥ የመኳንንት ጨዋታ ነበር። ገበታው ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሆኖ ሌላ ቀለም ባላቸው መስመሮች በስምንት በስምንት ይከፈላል፤ እንደ ፈረንጆቹ ቼዝ ጥቁርና ነጭ አይፈራረቅበትም። ንጉሥ አለ፤ ከአጠገቡ ፈርዝ አለ፤ ፊል፣ ፈረስና ደር አሉ፤ ከፊት ስምንት መደቆች ይሰለፋሉ። ፈርዝ እንደ ዛሬይቱ «ንግሥት» ገበታውን ሙሉ የሚጋልብ አይደለም፤ በሰያፍ አንዲት እርምጃ ብቻ ይሄዳል። ፊል በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል። መደቅም ሲነሣ አንድ እንጂ ሁለት አይራመድም።

በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን አንድ የቬኒስ ሰው ሠዓሊ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወት እንደ ነበር ተጽፏል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግሬ የመጡት እንግሊዞችም የራስ ወልደ ሥላሴን የሰንጠረዥ ፍቅር አይተዋል፤ ተመልካቹም ዝም ብሎ የሚያይ አልነበረም፤ እየጮኸ ምክር ይሰጥ ነበር። የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ስለ አጨዋወቱ ጽፎ ያስቀረው መጽሐፍ እርሱ ከሞተ በኋላ በ1868 ታተመ፤ ሪቻርድ ፓንክኸርስትም በ1971 የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ ታሪክና ደንብ ሰብስቦ በጽሑፍ አወጣ። እቴጌ ጣይቱም ሰንጠረዥ ያውቁ እንደ ነበር ይነገራል።

ዋናው ነገር አጀማመሩ ነው። ይህ መክፈቻ «ወረራ» ይባላል። ሁለቱ ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ ይጀምራሉ፤ አንዱ የሌላውን እጅ አይጠብቅም። ሁለት ጊዜ ብትራመድ፣ አምስት ጊዜ ብትራመድ ከልካይ የለህም። ያራመድኸውንም መልሰህ በሌላ አኳኋን ልታሰልፈው ትችላለህ። ዓይንህ ግን ከራስህ ጨርቅ ይልቅ በማዶው ላይ ነው፤ እርሱ ፈረሱን ወደዚህ ሲያዞር አንተ መደቅህን ወደዚያ ትገፋለህ፤ እርሱም ይህን አይቶ አሳቡን ይለውጣል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ እንዲህ ይሆናል። አንድ ጠጠር ከተበላ በኋላ ወረራው ያበቃና ጨዋታው በተራ በተራ ይቀጥላል።

እስቲ ይህን ደንብ ቆም ብለህ አስበው። እጁ የፈጠነ ሁሉ የሚያሸንፍ ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የፈጠነው ሰው ሳያይ ከተሰለፈ፣ የዘገየው አሰላለፉን አይቶ መድኃኒቱን ያዘጋጅለታል። ከዚህም ይልቅ የሚከብደው ወረራውን ማን ይዝጋው የሚለው ነው። ሠራዊቱን ቀድሞ ያሰናዳ ሰው ቶሎ በልቶ መዝጋት ይጠቅመዋል፤ ገና ያልተሰናዳው ደግሞ መደቆቹን አርቆ ይዞ ጊዜ መግዛት ይኖርበታል። እንግዲህ መቼ ልዝጋ፣ ባላጋራዬስ ሊዘጋ የሚፈልገው መቼ ነው፤ የወረራ ጥበብ በሙሉ በዚህ ላይ ነው። በኮምፒዩተሩ ጨዋታም ወጣቶቹ ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከሩበት ይኸው ጉዳይ ነው፤ ገና በማለዳ በጥቂት ጦር ልውጋ ወይስ አገሬን አበልጽጌ ዘግይቼ በብዙ ጦር ልውጣ?

ሻይ ከፋዩ ጓደኛዬ

አንድ ጓደኛ አለኝ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ እዚሁ አርባ ምንጭ በአንድ መሥሪያ ቤት ጀማሪ ሠራተኛ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር «ኤጅ ኦፍ ኤምፓየርስ 2» ይጫወታል፤ የተሸነፈ የሁሉንም ሻይና ብስኩት ይከፍላል። ስድስት ወር ሙሉ ከፋዩ እርሱ ነበር። ገንዘቡስ ትንሽ ነው፤ የጎዳው ሌላ ነው፤ የደመወዙ ሳምንት ሲርቅ ቅዳሜን መፍራት ጀመረ። በመጨረሻም «ለዚህ ጨዋታ አልተፈጠርሁም» ብሎ ሊተው ሲል፣ ጨዋታው ራሱ የሚያስቀምጠውን የግጥሚያ ቅጂ አንድ ምሽት ከፍቶ እንደ ሌላ ሰው ሥራ እንዲያየው መከርሁት።

ወረቀትና እርሳስ ይዞ አንድ ነገር ብቻ ቆጠረ፤ ገበሬ የሚወጣበት ዋናው ቤት፣ ተጫዋቾቹ ታውን ሴንተር የሚሉት፣ ስንት ደቂቃ ሥራ ፈትቶ እንደ ቆመ። በአንድ ግጥሚያ ውስጥ ዘጠኝ ደቂቃ ሆኖ አገኘው። አንድ ገበሬ ለማውጣት 50 ምግብና 25 ሴኮንድ ይፈጃል። ዘጠኝ ደቂቃ 540 ሴኮንድ ነው፤ ለ25 ብታካፍለው 21 ገበሬ ይወጣዋል። ሃያ አንድ ሰው! በግ ላይ የተሰማራ አንድ ገበሬ በደቂቃ ወደ 20 የሚጠጋ ምግብ ስለሚያስገባ፣ የወጣበትን 50 ምግብ በሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል መልሶ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው። ጓደኛዬ በጦርነት የተሸነፈ መስሎት ነበር፤ የተሸነፈው ግን ጦር ሳይመዘዝ በፊት ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ጀማሪ ከሆንህ ስለ ጦር ስልት ገና አታንብብ። በመጀመሪያ ቤትህ ሥራ እንዳይፈታ ብቻ ተለማመድ። ሁለተኛውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። እያንዳንዱ ጎጆ 5 ሰው ብቻ ይይዛል፤ ጎጆ ሳትሠራ ሰው ከሞላ ገበሬ ማውጣት ይቆማል። ጎጆው የሚሠራው ቦታ ካለቀ በኋላ አይደለም፤ ሊያልቅ ሁለት ሦስት ሰው ሲቀረው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሰው ሁሉ የሚስተው ነው፤ ገንዘብ በግምጃ ቤትህ ሲከማች ደስ አይበልህ። 1,000 እንጨት ተቆልሎ ካየህ ሀብታም መሆንህ አይደለም፤ መሥራት የሚገባህን ሳትሠራ መቅረትህ ነው። የበጀት ዓመት ሊያልቅ ሲል ያልተሠራበት ገንዘብ የሚያስጨንቀውን መሥሪያ ቤት የሚያውቅ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳል።

እጅና ዓይን

ከዶርዜ ሸማኔ አጠገብ ቁጭ ብለህ ታውቃለህ? እጁ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲወረውር ሌላው እጁ ይቀልበዋል፤ እግሩ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ድሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ዓይኑ ደግሞ በማጉና በጥለቱ ላይ ነው። በመካከሉ ያጫውትሃል፣ ይስቃል። መወርወሪያው የት እንዳለ ፈልጎ ሲያይ አታገኘውም፤ እጁ ያውቀዋል። የኮምፒዩተሩ ጨዋታ የእጅ ሥራም እንዲሁ ነው። ጀማሪው ሁሉን ነገር በማውስ እየፈለገ ይጫናል፤ የለመደው ግን በግራ እጁ ኪቦርዱን ይዞ ዓይኑን ከሜዳው ሳያነሣ ይሠራል።

በ«ኤጅ ኦፍ ኤምፓየርስ 2» የ«ኤች» ፊደል ወደ ዋናው ቤት ይወስድሃል፤ ነጥቧን ስትጫን ሥራ የፈታ ገበሬ ካለህ ፈልጋ ታመጣልሃለች። ኮንትሮልን ይዘህ 1 ቁጥርን ብትጫን የመረጥኸው ጦር አንደኛ ክፍል ሆኖ ይመዘገባል፤ ከዚያ በኋላ 1ን መጫን ብቻ ነው። እነዚህን ሦስቱን ብቻ ያዝ። ሃያውን በአንድ ሌሊት ላጥና የሚል ሰው በማግስቱ አንዱንም አያስታውስም። አንድ ሳምንት በ«ኤች» ብቻ፣ ሌላ ሳምንት በነጥቧ፤ ጣትህ ራሱ ፈልጎ ሲያገኘው ወደሚቀጥለው ተሻገር።

ስለ ፍጥነት ብዙ ይወራል። ትልልቆቹ የ«ስታርክራፍት» ተጫዋቾች በደቂቃ 300 ጊዜና ከዚያም በላይ ትእዛዝ ይሰጣሉ። ይህን የሰማ ጀማሪ ኪቦርዱን እንደ ከበሮ መደብደብ ይጀምራል። ወደ ኋላ ላይ እንደምታየው ነገሩ ሌላ ነው።

ጉሙ

አሁን ወደ ጨንቻ እንውጣ። ከአርባ ምንጭ ሙቀት ተነሥተህ ሽቅብ ስትወጣ ብርድ ይቀበልሃል፤ ብዙ ጊዜም ጉሙ መንገዱን ይሸፍነዋል፤ ከፊትህ የሚመጣው በሬ ይሁን ሰው፣ አጠገብህ ሳይደርስ አትለየውም። በጨዋታውም ያልረገጥኸው አገር ሁሉ ጨለማ ነው፤ ረግጠህ የተውኸውም ጉም ይሸፍነዋል፤ እዚያ የሚደረገውን አታይም። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚሰጡህ አንድ ፈረሰኛ ለውጊያ አይደለም፤ ዓይንህ ነው። አብዛኛው ጀማሪ ፈረሰኛውን አንድ ዙር አዙሮ በአንድ ዛፍ ሥር ያቆመዋል። እርሱ እንዲሠራ ያለበት ግን ባላጋራህ ምን ቤት እንደ ሠራ ማየት ነው። የፈረስ በረት ከሠራ ፈረሰኛ ይመጣብሃል፤ የቀስት ቤት ከሠራ ቀስተኛ።

ያን ካወቅህ መልሱ ቀላል ነው። ጦር የያዘ እግረኛ ፈረሰኛን ይጥላል፤ ቀስተኛ ጦር የያዘውን እግረኛ ከሩቅ ይጨርሰዋል፤ ፈረሰኛ ደግሞ ቀስተኛው ላይ ደርሶ ይበትነዋል። ክፉ ጦር የለም፤ ቦታውን የሳተ ጦር እንጂ። ያላየ ሰው ግን የወደደውን ጦር ብቻ ያወጣል፤ ያለ ምክንያት ይሸነፋል፤ ያለ ምክንያትም «ጨዋታው ሚዛን የለውም» ይላል።

ያላዩትን መገመት የሚያመጣውን ጣጣ ለማወቅ ከዐድዋ የበለጠ ምሳሌ የለም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. (በእነርሱ መጋቢት 1 ቀን 1896) ሌሊት የጄኔራል ባራቲየሪ ጦር በተለያየ ዓምድ ተከፍሎ በተራራ መካከል ተነሣ። በእጃቸው ያለው ንድፍ ትክክል አልነበረም፤ ኪዳነ ምሕረት የሚባለው ስም ግራ አጋባቸውና የአልበርቶኔ ዓምድ ከሌሎቹ ተለይቶ ወደፊት ርቆ ሄደ። ሲነጋ ብቻውን ሆኖ ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጋር ተገናኘ፤ ሌሎቹም ተራ በተራ ለየብቻቸው ተመቱ። አንድ ላይ ቢሆኑ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ለታሪክ ጸሐፊዎች እንተወው። አንተ ግን በጨዋታህ ውስጥ ጦርህን ሦስት ቦታ ከፍለህ አንዱ ለሌላው ሳይደርስ ሲያልቅ፣ የባራቲየሪን ሌሊት አስታውስ።

ከዚያ በፊት በመቀሌ የሆነውም ለእኛ ጉዳይ የሚስማማ ነው። ጣልያኖቹ በማጆር ጋሊያኖ ሥር በምሽግ ውስጥ ገብተው ነበር፤ ምሽጉን ፊት ለፊት መምታት ሰው ይፈጃል። የእቴጌ ጣይቱ ሰዎች ግን የሚጠጡበትን ምንጭ ያዙ። በጥር 1896 ምሽጉ ተለቀቀ። በጨዋታውም ግንብ ላይ ግንባርህን ከምትሰብር፣ ዞረህ የባላጋራህን እንጨት ቆራጮችና ወርቅ ቆፋሪዎች ብትበትን ይሻልሃል። አምስት ፈረሰኛ ልከህ ሦስት ገበሬ ብቻ ገድለው ቢመለሱ እንኳ፣ የቀሩት አሥር ሥራቸውን ጥለው ወደ ቤት ሲሮጡ የጠፋውን ጊዜ ቍጠረው። ባላጋራህም ዓይኑን ወደዚያ ሲያዞር ዋናው ቤቱ ሥራ ይፈታል። በአርባ ምንጭ የምንኖር ሰዎች ምንጭ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ማንም ሊያስተምረን አይገባም።

መኪናው የተሸነፈበት ቀን

በጥር 2019 ለንደን የሚገኘው፣ በዚያን ጊዜ የጉግል እህት ኩባንያ የነበረው ዲፕማይንድ፣ «አልፋስታር» የተባለ የኮምፒዩተር ተጫዋች በ«ስታርክራፍት 2» አወጣ። ሁለት ሙያተኛ ተጫዋቾችን፣ ጀርመናዊውን ቲኤልኦንና ፖላንዳዊውን ማናን፣ እያንዳንዳቸውን አምስት ለዜሮ ማሸነፉ ተነገረ። ዓለም ተደነቀ። የሚገርመው ግን ፍጥነቱ አይደለም፤ አልፋስታር በአማካይ በደቂቃ 280 ያህል ትእዛዝ ሲሰጥ ማና 390 ያህል ይሰጥ ነበር። እጁ ይበልጥ የፈጠነው ተሸነፈ ማለት ነው። (እርግጥ ነው፣ መኪናው በጭንቅ ሰዓት ሰው በማይችለው ፍጥነት ይሠራ ነበር፤ ሜዳውንም ሁሉ እንደ ሰው መስኮቱን እያዘዋወረ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ያይ ነበር። ተቺዎቹ ይህን አንሥተዋል፤ ትክክልም ናቸው።)

ከዚያ በኋላ በዚያው ቀን በሕዝብ ፊት አንድ ግጥሚያ ተደረገ። በዚህ ጊዜ መኪናው እንደ ሰው መስኮቱን እያዘዋወረ እንዲያይ ተደርጓል። ማና አንድ ነገር አስተዋለ። ጥቂት ወታደሮችን በበራሪ ማመላለሻ ጭኖ ከመኪናው ሰፈር ጀርባ ሲያወርድ፣ መኪናው ትልቁን ጦሩን በሙሉ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ማና ወታደሮቹን መልሶ ይጭናል። ጦሩ እንደ ገና ወደፊት ሲነሣ እንደ ገና ያወርዳል። ዐሥር ወታደር በቂው ለሆነ ነገር መቶውን ይዞ እየተመላለሰ፣ ታላቁ ጦር ከቤቱ ደጃፍ ሳይርቅ ቀረ። በዚህ በተገዛው ጊዜ ማና ለመኪናው ጦር መድኃኒት የሚሆነውን ወታደር በብዛት አዘጋጅቶ ወጣና አሸነፈ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር አልፋስታር ታርሞ ከተመዘገቡት ተጫዋቾች ከ99.8 በመቶው በላይ መድረሱ ተጽፏል፤ ስለዚህ መኪናው ለዘለዓለም አልተሸነፈም። እኔ ግን ያንን አንድ ግጥሚያ እወደዋለሁ። ማና ያደረገው የወረራን ጨዋታ ነው፤ ዓይኑን በማዶው ላይ አድርጎ፣ ባላጋራው የሚደጋግመውን ፈልጎ አገኘ።

ጓደኛዬም እንዲሁ ከቅጂዎቹ አንዱን ሲያይ፣ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ሰው ሁልጊዜ በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ገደማ በፈረሰኛ ብቻ እንደሚመጣ አገኘ። ስድስት ወር ሙሉ በአንድ ፈረስ ተረግጧል!

እንዴት ልለማመድ?

ጊዜህን መጥነው። ፈተና ያለበት ተማሪ፣ ጧት ፊርማ ያለበት ሠራተኛ ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወት አድሮ የሚያሻሽለው ነገር የለም፤ የደከመ እጅ ስሕተትን ነው የሚለማመደው። ሁለት ግጥሚያ ተጫወትና ሦስተኛውን ትተህ የሁለተኛውን ቅጂ እይ። ስታይም ሁሉን ለማረም አትነሣ፤ ጓደኛዬ እንዳደረገው አንድ ነገር ብቻ ቍጠር። በመጀመሪያው ሳምንት ዋናው ቤት ሥራ የፈታበትን ደቂቃ፣ በሁለተኛው በአሥረኛው ደቂቃ ላይ ያሉህን ገበሬዎች ብዛት፣ በሦስተኛው የባላጋራህን ሰፈር ስንት ጊዜ እንዳየህ። ቍጥሮቹን በደብተርህ ጻፍ። ከአንተ እጅግ ከሚበልጥ ጋር ብቻ ብትጫወት የተሸነፍህበትን አታውቀውም፤ ከምታሸንፈው ጋር ብቻ ብትጫወትም እንዲሁ። ጥቂት የሚበልጥህን ፈልግ።

መብራት ሲጠፋስ? በዚያን ጊዜ ገበጣ አለ። ጠጠሩን ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ስትዘራ የመጨረሻዋ የት እንደምታርፍ ሳትነካ በልብህ መቍጠር ገበሬና እንጨት ከመቍጠር የተለየ አይደለም።

ከሁሉም ይልቅ ግን ወረራን ሞክረው። የተለመደውን የቼዝ ገበታ አምጣና «ንግሥቲቱን» ፈርዝ አድርጋት፤ በሰያፍ አንድ ብቻ ትሂድ። «ጳጳሱን» ፊል አድርገው፤ በሰያፍ ሁለት ይዝለል። መደቆቹ አንድ አንድ ብቻ ይራመዱ። ሦስተኛ ሰው «ጀምሩ!» ይበል። ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ አሰልፉ፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እንደ በላ ሁለታችሁም እጃችሁን አንሡ። ጨዋታውን ገና አትቀጥሉ። ገበታውን እዩት፤ የማን ፈረስ ገና ከቤቱ አልወጣም? ንጉሡ የተራቆተው የማን ነው? የበላው ሰው በሚጠቅመው ሰዓት ነው የበላው ወይስ እጁ ስለ ቸኰለ? አምስት ጊዜ ደጋግሙት፤ አንዱ ዙር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ ስድስተኛውን እስከ መጨረሻው ተጫወቱት።

አንድ ሥራ ደግሞ አለብህ። የሰንጠረዥን ወረራ እጃቸው የሚያውቀው ሰዎች በየዓመቱ እያነሱ ነው፤ በየትምህርት ቤቱ የሚታየው የፈረንጁ ቼዝ ነው። በመጽሐፍ የተጻፈው ደንብም በየቦታው አይስማማም። በበዓል ወደ ቤተሰብ ስትሄድ ከዘመዶችህ መካከል በዕድሜ የገፉ ካሉ፣ ቡና እስኪፈላ ድረስ ጠጋ በልና «አባባ፣ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይተዋል?» ብለህ ጠይቃቸው። አይቻለሁ ካሉህ፣ ንጉሡ ከመካከሉ በየት በኩል እንደሚቆም፣ ገበታው ጨርቅ ይሁን እንጨት፣ ወረራው ሲጀመር ምን ተብሎ እንደሚነገር ጠይቅ። በደርና በፈረስ ማት ማድረግ እንደ ተራ ነገር ሲቆጠር በመደቅና በፊል ያደረገ ይመሰገን ነበር ይባላል፤ እርሳቸውም እንዲህ ሲሉ ሰምተው እንደ ሆነ እይ። እጃቸው ይያዝላቸው እንደ ሆነም ገበታውን ከፊታቸው አኑረህ አሳዩኝ በላቸው፤ አፍ የረሳውን እጅ አንዳንድ ጊዜ ያስታውሰዋል። የነገሩህን ከቦታው ስምና ከቀኑ ጋር ጻፈው።

ጓደኛዬ ባለፈው ቅዳሜ በአሥራ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ጦር የያዙ እግረኞቹን በእንጨት ቆራጮቹ አጠገብ አሰልፎ ጠበቀ። ፈረሰኞቹ መጡ። ሻዩን የከፈለው ሌላው ነው፤ ብስኩቱን ግን ጓደኛዬ ከደስታው የተነሣ ራሱ ገዛ።